ከሳይነስ ቀዶ ጥገና በኋላ ለመጣ ኢንፌክሽን ሆስፒታል ይከሰሳል?

ጥያቄ አንሺው፣ ከዓለም ገና፦
እህቴ ለዓመታት በሳይነስ ስትሰቃይ ኖራ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በአፍንጫ በኩል በካሜራ የሚሠራው ነው። ቤት ከገባች በኋላ የግራ ዓይኗ ዙሪያ አበጠ፤ ትኩሳትም ተነሳባት። ይዘናት ተመለስን። ተረኛው ሐኪም "ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለ ነው" ብሎ ማስታገሻ ጽፎ ሸኛት። አፍንጫዋን አላየም፤ ሙቀቷንም አልለካም። ሲብስባት ሌላ ሆስፒታል ወሰድናት። በሲቲ ስካን መግሉ ከሳይነሱ (በአፍንጫ ዙሪያ ካለው የአጥንት ክፍተት) አልፎ የዓይኗ ጉድጓድ ውስጥ መግባቱ ታየ። እንደገና ተከፍታ መግሉ ወጣ። ዓይኗ ተረፈ፤ እይታው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ልብስ ሰፊ ናት። አሁን መርፌው ላይ ክር የምታስገባላት የጎረቤት ልጅ ናት።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ሽማግሌ ይላክ ይላል። እኔ መክሰስ አለብን ባይ ነኝ። እናንተስ?

ጋሼ፣ ጡረተኛ፦
ልጄ፣ እግዜር ይማርልህ። ግን ቆም በል። የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት በዚህ አገር ስንት ነው? አንዱን በከሰስክ ቁጥር ሌላው ከበድ ያለ በሽተኛ ሲመጣበት "ወደ ሌላ ሂዱ" ማለት ይጀምራል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው የሚሆነው። ሽማግሌ ላክ። የሕክምናዋን ወጪ ይሸፍኑ፣ ቀሪውንም ክትትል በነፃ ያድርጉላት። ፍርድ ቤት ስትመላለስ ሥራህም ጤናህም ይሄዳል።

ሲስተር፣ ኦፕራሲዮን ክፍል የምሠራ፦
ወንድሜ፣ ኢንፌክሽን መጣ ማለት ሐኪሙ አጠፋ ማለት አይደለም። አፍንጫ በተፈጥሮው ባክቴሪያ አለበት፤ እንደ ሆድ ቆዳ አጥበህ ንጹሕ አታደርገውም። ሳይነሱን ከዓይን የሚለየው አጥንትም እንደ ወረቀት ስስ ነው። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ተሠርቶ መግል ሊይዝ ይችላል።

ደግሞ ብትከሱ ሆስፒታሎቹ የሚጠይቋችሁን ልንገርህ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አፍንጫ በጨው ውሃ ይታጠባል። ያ ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆያል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ የምንጠቀመው ሮቶ ውስጥ የከረመውን ነው። "በምን ውሃ ታጠበች?" ማለታቸው አይቀርም።

ጥያቄ አንሺው፦
ሲስተር፣ ስለ ማፍላት ማንም አልነገረንም! ሲያስወጧት የሰጡን ወረቀት ላይ ያለው የመድኃኒት ስምና የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። ወረቀቱ አሁንም እጄ ላይ አለ። ውሃው ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው?

ሲስተር፦
እሱን ወረቀት እንዳትጥለው። እኔ ያልኩት ኢንፌክሽኑ ብቻውን አያስከስስም ነው። ተመልሳችሁ የሄዳችሁበት ቀን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሳይነስ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ዓይኑ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት ሲመጣ ድንገተኛ ነው። ሙቀት ይለካል፣ እይታው ይፈተሻል፣ አፍንጫው ውስጥ ይታያል፣ ስካን ይታዘዛል፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀመራል። ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት የትም አልተማርነውም። እኔ ብሆን የምከራከረው በዚያ ቀን ላይ ነው።

ጠበቃው፦
ሲስተር የተናገሩት ከሕጉ ጋር ይገጥማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ ሲቀር ተጠያቂ ያደርገዋል። ቁጥር 2647 ደግሞ ሐኪም በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ለመዳን ዋስ አይሆንም ይላል። ስለዚህ "አልዳነችም" ብላችሁ ብትከሱ ትሸነፋላችሁ። "ተመልሳ ስትመጣ መደረግ ያለበት አልተደረገም" ካላችሁ የሚያስኬድ ክርክር አላችሁ።

ጋሼ፣ ስለ ሐኪሞቹ ለሚሰጉት፦ በቁጥር 2651 ተቋሙ ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል። ካሳውን ከሆስፒታሉ መጠየቅ ይቻላል። የውሃው ጉዳይ በእህትየዋ ላይ ቢረጋገጥ እንኳ ተጎጂው በከፊል ሲያጠፋ ካሳው ይቀነሳል እንጂ ክሱ አይወድቅም። ቁጥር 2098 ነው።

የሰበታዋ እናት፦
ጠበቃው፣ ወረቀት ላይ ሁሉ ነገር ያምራል። እኔ በልጄ የቶንሲል ኦፕራሲዮን ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሁለተኛው ሐኪም በአፉ "ጥፋት አለ" አለኝ። ጻፍልኝ ስለው ዞር በይ አለኝ። ሐኪም በሐኪም ላይ አይጽፍም። ሆስፒታሉ ደግሞ የፈረምኩበትን ፎርም አወጣብኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ሌሊት፣ ልጄ አልጋ ላይ እያለች ያስፈረሙኝ። እዚያ ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጠበቃው፦
እናቴ፣ ያ ፎርም የሚያሳየው የታወቀውን አደጋ አውቀው መስማማትዎን ነው። ለቸልተኝነት የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። የሐኪም ምስክር ማግኘት ግን እውነትም ትልቁ ፈተና ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ አስገቡ የምለው። ካርዱን አስቀርቦ የሚመረምረው፣ ለፖሊስና ለፍርድ ቤትም የሙያ አስተያየት የሚሰጠው እሱ ነው። የእህትየዋ አቤቱታ ከምትኖሩበት ሳይሆን ሆስፒታሉ ካለበት ከአዲስ አበባ ነው የሚጀምረው።

ጋሼ፦
እሺ፣ አሸነፋችሁ እንበል። ስንት ይፈረድላችኋል?

ጠበቃው፦
የሚያሳዝነኝ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ለሕሊና ጉዳት የሚፈረደው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ቁጥር 2116። ያኔ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ምንም አይደለም። ይህ አንቀጽ መቀየር አለበት። ለተጨባጭ ጉዳት ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። የሁለተኛው ሆስፒታል ወጪ፣ የመድኃኒት፣ የትራንስፖርት፣ የቀረባት የስፌት ገቢ ሁሉ ይጠየቃል። እህትህ የደንበኞቿን ልክና ዋጋ የምትጽፍበት ደብተር ካላት ትልቅ ማስረጃ ነው።

ወጣት ሐኪም፣ ከቡራዩ፦
ከእኛ ወገን ልናገር። እኛን የሚያስፈራን ፖሊስ ጣቢያ መጠራት ነው። ጓደኛዬ ተጠርቶ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በፍትሐ ብሔር ተቋሙን መጠየቅ ግን ለእኛም ይጠቅመናል። ሌሊት አንድ ተረኛ ብቻውን ድንገተኛውንም ተመላላሹንም እንዲያይ የሚያደርገው ተቋሙ ነው። ያ ዋጋ እንደሚያስከፍለው ካላወቀ ሁለተኛ ተረኛ አይቀጥርም። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዝም ማለት ሐኪሙን አያድነውም።

ጋሼ፦
አንተ ስትለው ይገባኛል። ቢሆንም መጀመሪያ ሽማግሌ ይቅደም። እኔ ራሴ እሄዳለሁ።

ጠበቃው፦
ይሂዱ፣ ጋሼ፤ ግን ሁለት ነገር ይወቁ። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። "ሽማግሌ ገብቶበታል" ማለት ብቻውን አያቆመውም። የሕክምና ውል ስለሆነ 10 ዓመት ነው የሚሉ ጠበቆች አሉ። በዚያ ተማምናችሁ አትቀመጡ። ሁለተኛ፣ የእርቅ ውል ከተፈረመ እንደ ፍርድ ይቆጠራል። ዓይኗ ወደፊት ምን እንደሚሆን የዓይን ሐኪም ሳይናገር ምንም እንዳትፈርሙ።

የሰበታዋ እናት፦
ጠበቃ የምትከፍልበት ከሌላትስ?

ጠበቃው፦
የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያን ክፍያ ሳይከፍል፣ መክሰስ ይፈቀዳል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ሄዳ ትጠይቅ።

ጥያቄ አንሺው፦
ገባኝ። እኔ ስለ ኦፕራሲዮኑ ነበር የማስበው፤ አሁን የምይዘው የተመለስንበትን ቀን ነው። ካርዱ ላይ ያን ቀን ምን እንደተጻፈ ማየት አለብን፤ ምንም ካልተጻፈም ያው ማስረጃ ነው። ሰኞ እህቴ ራሷ የካርዷን ኮፒ በጽሑፍ ትጠይቃለች፤ የማመልከቻው ግልባጭ ላይም ማኅተም ታስደርጋለች። ጋሼ፣ ሽምግልናውን እቀበላለሁ፤ እስከ ጥቅምት መጨረሻ። ከዚያ ካለፈ እከሳለሁ።

ጋሼ፦
ጥቅምት ታጥራለች። እስከ ገና በለው።

ጥያቄ አንሺው፦
አይሆንም፣ ጋሼ። ጥቅምት።