የእህቴ ጣቶች ጠዋት ጠዋት አይታጠፉም፣ ሪህ ብቻ ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ጠዋት ስትነሳ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ተገትረው አይታጠፉላትም፣ ስኒ መያዝ እንኳ ያቅታታል። ረፋዱ ላይ ይለቃታል። ክሊኒክ ሪህ ነው ብለው ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሰጧት። ሥጋም ተወች፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ፀሐይ ሲነካት ፊቷ ይቀላል፣ ፀጉሯም እየረገፈ ነው። በጣም ጨንቆኛል።

መልስ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) አለብኝ፣ የጻፍሽው የኔን አጀማመር ይመስላል። በዩሪክ አሲድ የሚመጣው ሪህ በብዛት ወንዶችን ነው የሚይዘው፣ ብዙ ጊዜም የእግር አውራ ጣት ላይ ድንገት ይነሳል። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ሁለቱም እጇ ሲገተር ሌላ ነገር መታሰብ አለበት። ጉንጯና አፍንጫዋ ላይ እንደ ቢራቢሮ የተዘረጋ ሽፍታ አለ? አፏ ውስጥ ቁስልስ? ብርድ ሲነካት ጣቶቿ ይነጣሉ? ሽፍታውን በስልክ ፎቶ አንሺው፣ በቀጠሮው ቀን ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የሽንት ምርመራ ግን በፍጹም እንዳይቀር። ሉፐስ ኩላሊትን ምንም ሳያሳምም ሊጎዳ ይችላል።

ሌላ መልስ፦
ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ቢሆን ብቻውን ሉፐስ አያሰኝም፣ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና መሰል በሽታዎች) ሐኪም ካጣችሁ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይጀምርላችኋል።

ጠያቂዋ፦
አፏ ውስጥ ቁስል አለ! ስለማያማት ዝም ብላ ነበር። እግሯም ሰሞኑን ያብጣል።

መልስ፦
እግሯ ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቁ። ነገውኑ ግፊቷን አስለኩ፣ ሽንቷን አስመርምሩ። ዳይክሎፌናክ እየወሰደች መሆኑንም ንገሯቸው፣ ኩላሊት ላይ ይከብዳል። ውጤቱን ጻፊልን፣ እጠብቃለሁ።