ከአራት አገር የመጣ ሠራዊት የጋራ ልምምድ፦ ከምን ይጀመር?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። እንደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጠባባቂ ኃይል ላለ ቅንጅት የመስክ ልምምድ እያቀድኩ ነው። አራት አገሮች አንድ አንድ መቶ (በርካታ ጓዶችን የያዘ የጦር ክፍል) ይልካሉ፣ መምሪያው ድብልቅ ነው። ያለን 14 ቀን ነው። የተመድን ቅድመ ስምሪት ሥልጠና ሁሉም በየአገሩ ጨርሶ ይመጣል። ምኑን ላስቀድም? ወታደሮቹንስ በጓድ (በትንሹ የጦር ክፍል) ደረጃ ላቀላቅል?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ጓዱን አትንካ። ተኩስ ሲከፈት ሰው የሚጮኸው በአፍ መፍቻው ነው። መቶው ከነአዛዡ ይቆይ፤ የሚቀላቀለው መምሪያው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለሬዲዮና ለካርታ ስጥ። የየአገሩ ሚስጥራዊ ሬዲዮ አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሱ አይግባባም። ወይ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድል፣ ወይ እያንዳንዱ መቶ አገናኝ መኮንኑን ከነሬዲዮው መምሪያው ውስጥ ያስቀምጥ። «ሮጀር» (መልእክቱ ደርሶኛል) ብቻውን አይበቃም፤ ተቀባዩ የቦታውን ቁጥር አሃዝ በአሃዝ መልሶ ያንብብ፣ ላኪው «ትክክል» ሳይል ማንም አይንቀሳቀስ።

ካርታው የባሰ ነው። ካርታ የቦታ ቁጥሮቹን የሚለካበት መነሻ ሥርዓት (ዳተም) አለው፤ የቆዩት የኢትዮጵያና የሱዳን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው፣ የኬንያና የኡጋንዳ በአርክ 1960 የተሠሩ ሲሆኑ ጂፒኤስ በተለምዶ የሚሠራው በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ከአዲንዳን ካርታ የተነበበ ነጥብ ሳይስተካከል ጂፒኤስ ውስጥ ከገባ 200 ሜትር ያህል ይስታል፤ አጃቢው ወንዙን ተሻግሮ ሊገኝ ይችላል። መሣሪያዎቹን ሁሉ አንድ የታወቀ ነጥብ ላይ አምጥታችሁ አመሳክሩ።

መልስ 2
በዚህ እስማማለሁ። የኃይል አጠቃቀም ደንቡን ግን አዳራሽ ውስጥ ብቻ አታስተምሩ። ኬላ አቁሙ፤ ሲቪሎች የጫነ አይሱዙ ይምጣ፣ ከኋላው የታጠቁ ወጣቶች ይከተሉት። ወታደሩ የልምምድ ጥይት ይዞ ይወስን፣ የልምምዱ ዳኛ አስቁሞ «በየትኛው አንቀጽ?» ይበለው። ሽምቅ ውጊያ የለመደው ብዙ ጊዜ ይቸኩላል፤ ሌላው የአገሩን መንግሥት ፈቃድ ይጠብቃል። ለዚህኛው መድኃኒቱ እያንዳንዱ አገር ወታደሩ የማይፈጽመውን ግዳጅ ከልምምዱ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ማድረግ ነው። ቃል፣ ማስጠንቀቂያ ተኩስ፣ ዒላማ ተኩስ የሚለውንም እንደ ጸሎት የሚደግሙት አሉ፤ አደጋው ፊት ለፊት ከሆነ እርከን መዝለል እንደሚፈቀድ ይወቁ።

መልስ 3
የቁስለኛ ልምምዱን በሌሊት፣ ሳታስታውቁ አድርጉት። የተመድ መለኪያ 10-1-2 ነው፦ በ10 ደቂቃ ጓደኛው ደሙን ያቁም፣ በ1 ሰዓት የላቀ ሕክምና፣ በ2 ሰዓት ቀዶ ሕክምና ያግኝ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከቆሰለበት ቅጽበት ነው፤ መምሪያዎች ግን ሪፖርቱ ከደረሳቸው ይጀምሩና መለኪያውን ያሟሉ ይመስላቸዋል። በተለይ ሪፖርቱን በመተርጎም ብዙ ደቂቃ ይባክናል። የሪፖርቱን ቅጽ በሥራ ቋንቋው አሳትማችሁ ቁጥርና ምልክት ብቻ የሚሞላበት አድርጉት፤ በየወታደሩ ደረት ኪስ ይግባ።