በእንጨት የሚሠራ የእንፋሎት ሞተር ለመብራት፦ ቦይለሩን ከምን ልሥራ፣ እንዴትስ ልፈትሸው?

የሐይቅ ዳር ብረት ሠራተኛ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አነስተኛ የብየዳ ቤት አለኝ። ወላጆቼ የሚኖሩት ግን ወደ ዘጌ በሚወስደው የጣና ዳርቻ፣ የመብራት መስመር ባልደረሰበት መንደር ነው። የዚሁ ሐይቅ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በጢስ ዓባይ፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለው ጣና በለስ ተርባይን ሲያዞር፣ እነርሱ ዛሬም በኩራዝ ያመሻሉ። ያለቻቸው አንዲት የሶላር ፓነል በጋውን በደንብ ታገለግላለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ግን ደመናው ስለማይገለጥ ባትሪው አይሞላም። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ፍልጥ በግቢው ሞልቷል። ስለዚህ ለክረምቱ ባትሪ የሚሞላ ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ለመሥራት አስቤአለሁ።

ሞተሩ 150 ሲሲ ገደማ የሆነ አሮጌ ባለ ሁለት ምት የባጃጅ ሞተር ነው። ካንዴላው በነበረበት ቀዳዳ የብረት ኳስ ያለው ቫልቭ ይገባል፤ በፒስተኑ አናት ላይ የሚታሰር አጭር ዘንግ ኳሱን ወደ ላይ እየገፋ እንፋሎቱን ያስገባል። ውሃው ለሚፈላበት ቦይለር ከአሮጌ የጎሚስታ ኮምፕረሰር የወጣ ታንክ አግኝቻለሁ፤ 40 ሊትር ያህል ውሃ ሞልቼ በ5 ባር ግፊት ላሠራው ነው ሐሳቤ። ታንኩ ለዓመታት 8 ባር አየር ሲሸከም የኖረ ስለሆነ 5 ባር እንፋሎት አያቅተውም ብዬ ገምቻለሁ። ግምቴ ትክክል ነው? እሳት ከመንደዱ በፊትስ እንዴት ልፈትሸው? ስንት ዋትስ ልጠብቅ?

የቦይለር ክፍል ሰው፦

ወንድሜ፣ ለወላጆችዎ ያሰቡት የሚያስመሰግን ነው፤ ታንኩን ግን እባክዎ ይተዉት። የኮምፕረሰር ታንክ እሳት እንዲነካው ታስቦ አልተሠራም። ከአየሩ የሚጠራቀመው እርጥበትም ለዓመታት ከታች በኩል ከውስጥ ሲበላው ስለሚኖር፣ ላሜራው የት ቦታ ምን ያህል እንደሳሳ ከውጭ አይታይም። ውሃው ጎድሎ እሳት የሚያገኘው ገጽ ባዶ ከቀረ ደግሞ ብረቱ ይግላል፤ ጥንካሬውም ከ400 ዲግሪ በላይ በፍጥነት ይወርዳል።

ከሁሉ የሚከፋው በውሃው ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 5 ባር ሲያሳይ ግን ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ 158 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ታንኩ በዚያ ሰዓት ቢቀደድ፣ ከ40 ሊትሩ 5 ሊትር ያህሉ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ወደ 10 ሜትር ኩብ ይሰፋል፤ የተረፈውም የፈላ ውሃ ሆኖ አጠገቡ ባለ ሰው ላይ ይረጫል። በዚያ መንደር አጠገቡ የሚቆሙት ደግሞ አባትዎና የሰፈሩ ልጆች ናቸው።

በታንኩ ፈንታ ያለ ስፌት የተሠራ የግማሽ ኢንች የብረት ቱቦ 20 ሜትር ያህል ገዝተው ይጠምዝዙና በምድጃው ውስጥ ያስቀምጡት። ይህ ቱቦ በሙሉ ርዝመቱ ከ4 ሊትር ያነሰ ውሃ ስለሚይዝ፣ አንድ ቦታ ቢቀደድ እንኳ የሚወጣው ጉልበት ጥቂት ነው። ዚንክ የተለበጠ የውሃ ቱቦ ግን አይሁን፤ ሲበየድም ሲግልም የሚወጣው ጭስ ሳንባን ይጎዳል። የዚህ ዓይነቱ ቦይለር ችግር ውሃ ሳይቋረጥ በፓምፕ ካልገባለት ግፊቱ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው፤ በእኔ ዕይታ ይህ ከታንኩ አደጋ ጋር ጨርሶ የሚወዳደር አይደለም።

ፍተሻው በቀዝቃዛ ውሃ ይደረግ። ቱቦውን እስከ አናቱ ሞልተው አየሩን ካስወጡ በኋላ፣ በእጅ ፓምፕ የሥራ ግፊቱን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 7.5 ባር አድርሰው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ጌጁ ዝቅ ካለ ወይም አንድ ብየዳ ጤዛ ካወጣ እዚያው ያቁሙ። ውሃ እምብዛም ስለማይታመቅ ብየዳው ቢከፈት ይንጠባጠባል እንጂ አይፈነዳም፤ በአየር ግን ፈጽሞ አይፈትሹት። ከዚያ በ5 ባር የሚከፈቱ ሁለት የደኅንነት ቫልቮች ይግጠሙ፤ በእነርሱና በቦይለሩ መካከል ምንም ዓይነት መዝጊያ አይኑር።

የሐይቁን ውሃም እንዳለ አያስገቡ። ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ በክረምት ይዘውት የሚመጡት ደለል በቱቦው ውስጥ ጋግሮ ይደፍነዋል። መሣሪያው የሚፈለገው በክረምት ስለሆነ የጣሪያ ውሃ አጥልሎ ማጠራቀም ይበቃል።

የሞተር ባለሙያ ከቀበሌ 14፦

ባለ ሁለት ምት ሞተር መምረጥዎ ጥሩ ነው፤ ፒስተኑ ሲወርድ የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ራሱ ስለሚከፍት ያገለገለው እንፋሎት በዚያ ይወጣል። ነገር ግን ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ ውስጥ የቀረው እንፋሎት ፒስተኑ ሲወጣ ይታመቃል። የቤንዚን ሞተር ከ6 እጥፍ በላይ ስለሚያምቅ የዚህ ቅሪት ግፊት ከቦይለሩ ግፊት በልጦ ሞተሩ የራሱን ጉልበት መልሶ ይበላል። ብዙ ሰው ቫልቩን ሲጠራጠር የሚከርመው ይህን ባለማስተዋል ነው። በሲሊንደሩና በክዳኑ (በቴስታታው) መካከል ወፍራም የብረት ቀለበት አስገብተው እመቃውን ወደ 4 እጥፍ ያውርዱት፤ ኳሱን የሚገፋውንም ዘንግ በዚያው ልክ ያስረዝሙ። ከካርተሩ (ከሞተሩ የታችኛው ቤት) ወደ ሲሊንደሩ የሚያልፉትን ቀዳዳዎች ይድፈኗቸው፤ አለዚያ ውሃው ኩሽኔታዎቹን በዝገት ይጨርሳቸዋል።

መጀመሪያ ሞተሩን በጎሚስታ ኮምፕረሰር 2 ባር አየር ሰጥተው ያዙሩት፤ የሚያፈስም ሆነ የሚነካካ ነገር ካለ ያኔ ይሰማል። በአየር ስለዞረ ብቻ ግን በእንፋሎት ይዞራል ብለው አይመኑ። እንፋሎት ቀዝቃዛ ሲሊንደር ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤ ከፒስተኑ በላይ የታጎረ ውሃ ደግሞ ስለማይታመቅ የፒስተኑን ክንድ (ቢዬላውን) ያጣምማል። የማፍሰሻ ቧንቧ ያብጁለት፤ ውሃ መውጣቱ ቆሞ ደረቅ እንፋሎት እስኪወጣ ድረስም ከባዱን መዘውር (ቮላኖውን) በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩ።

የኤሌክትሪክ መምህር፦

ስለ ዋቱ እኔ ልመልስ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አማካይ ግፊት 2 ባር ሆኖ ሞተሩ በደቂቃ 600 ጊዜ ቢዞር፣ ከ150 ሲሲ የሚገኘው 300 ዋት ነው። ሲሶውን ሰበቃ ይወስደዋል። የቀረውን 200 ዋት የመኪና ዲናሞ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለውጠው ግማሹ ያህል ይባክናል። ስለዚህ 100 ዋት ይጠብቁ፤ ይህም በሰዓት 2 ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይፈልጋል፤ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 20 ኪሎ መሆኑ ነው። ለአምፖል፣ ለሬዲዮና ለስልክ ይበቃል፤ ለምጣድ አይታሰብም።

የመኪና ዲናሞ ለራሱ መግነጢስ ብቻ 30 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚበላ፣ ቋሚ ማግኔት ያለው አሮጌ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር ቢያገኙ ይሻላል።

ሲለኩ በባትሪ አይጀምሩ፤ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው ስለሚቀንስ ያሳስታል። በኢንቨርተርም ሳይሆን በቀጥታ ባለ 12 ቮልት የመኪና አምፖሎችን ጭነት ያድርጉና ቮልቱን በአምፔር ያባዙ። እንጨቱን መዝነው መቁጠር የሚጀምሩት ግፊቱ ከረጋ በኋላ ይሁን፤ ሲጨርሱም እሳቱና ግፊቱ እንደጀመሩበት መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ምድጃው ውስጥ የቀረው ፍም ሒሳቡን ያዛባዋል።

የሐይቅ ዳር ብረት ሠራተኛ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታንኩን ትቼዋለሁ፤ 100 ዋትም ለእነርሱ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የውሃውን ፓምፕ ከሞተሩ ጋር ላያይዘው ወይስ በእጅ ይሁን? የሐይቁን አረም እምቦጭንስ አድርቆ ማንደድ ይቻላል?

የቦይለር ክፍል ሰው፦

እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ በክረምት ማድረቁ አያዋጣም፤ ለባዮጋዝ ይሻላል። ፓምፑን ከሞተሩ ጋር ያያይዙት፤ ሞተሩ ሲቆም ግን ውሃውም ስለሚቆም የእጅ ፓምፑ ምንጊዜም ተገናኝቶ ይቀመጥ፤ ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭም በሁለቱም ላይ ይኑር። ውሃው ተቋርጦ ቱቦው ቀልቶ ካገኙት በምንም ምክንያት ውሃ አይስጡት፤ እሳቱን ከምድጃው ጎትተው ያውጡና በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ይተዉት። ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ በ7.5 ባር እንደገና ሳይፈተሽ እሳት አይነካውም። አባትዎ ብቻቸውን የሚያነዱበት ቀንም ስለሚኖር፣ ይህን በእጃቸው አስነክተው ያስተምሯቸው።