ጂም ጀማሪ ነኝ፣ ኤሮቢክስ ክላስ ልግባ ወይስ መጀመሪያ ብቻዬን ልልመድ?

የገርጂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሮዬ አጠገብ ያለ ጂም የሶስት ወር ከፍዬ ገብቻለሁ፣ እድሜዬ 34 ነው፣ ሃይስኩል ከነበረው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ወዲህ እንቅስቃሴ የሚባል ነገር አላውቅም፣ ስራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው ከዛ የታክሲ ሰልፍ ከዛ ቤት በቃ። እስካሁን ስሄድ ትሬድሚል ላይ ትንሽ እራመድና ማሽኖቹን አይቼ አይቼ እወጣለሁ፣ የትኛው ለምን እንደሆነ ስለማላውቅ አሁን አሁን እየሰለቸኝ ነው።

ጂሙ ውስጥ በመስታወት የተከለለ አዳራሽ አለ፣ ሰኞ ረቡዕ አርብ ማታ 12፡30 ኤሮቢክስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ታይቦ (ቡጢና እርግጫ ያለበት)፣ ቅዳሜ ጠዋት ዙምባ (በዳንስ የሚሰራው) አላቸው። ከውጪ ቆሜ ሳይ በጣም ደስ ይላል ግን ሁሉም የሚተዋወቁ ነው የሚመስሉት፣ እርምጃውን በቃላቸው ይዘውታል፣ ኮቹ ገና አፉን ሳይከፍት ሁሉም አንድ ላይ ይዞራሉ። እኔ እዛ መሀል ገብቼ ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ ሄጄ ስላተም ነው የሚታየኝ። እና ጥያቄዬ፣ ቀጥታ ልግባ ወይስ ትንሽ ትንፋሼን ላስተካክል? በሳምንት ስንት ቀን ይበቃል? የግራ ጉልበቴ ደሞ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል፣ አያምም ግን ድምጽ አለው። ሌላው ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው፣ ማታ አቅም ይኖረኛል ወይ? እንዳትስቁብኝ ብቻ 😅

የሰኞ_ማታ፦
እህቴ ግቢ፣ አትጠብቂ። "ትንፋሼን ላስተካክልና እገባለሁ" የሚል ሰው እስካሁን ሲገባ አላየሁም። እርምጃውን በቃላቸው ያወቁት ጎበዝ ስለሆኑ እንዳይመስልሽ፣ ብዙ ኮቾች ያንኑ ቅንብር ለሳምንታት ነው የሚደጋግሙት፣ አንቺም ሰኞ ረቡዕ እያልሽ ከመጣሽ ሳታስቢው እግርሽ ይይዘዋል። ለዛ ነው አንድ ክላስ አንድ ሰዓት ምረጪና እሱን ብቻ ያዢ የምልሽ፣ ዛሬ ታይቦ ነገ ዙምባ ካልሽ ሁሌም ጀማሪ ነሽ።

አንድ ማንም የማይነግርሽ ነገር ልንገርሽ፣ መጨረሻ ረድፍ አትቁሚ። አዲስ ሰው ሁሉ እዛ ነው የሚደበቀው፣ ከዛ ኮቹ ክላሱን ወደ ኋላ ሲያዞር ድንገት ፊተኛ አንቺ ነሽ፣ የምታዪው ሰው የለም ያለው ግድግዳ ነው። ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ ረድፍ ጠርዝ ላይ ሁኚና እርምጃዋ የተረጋጋ አንዲት ነባር ፈልገሽ ከኋላዋ ቁሚ። ከሌላ ጀማሪ ኋላ ከቆምሽ ግን ተያይዛችሁ ነው የምትጠፉት። ደሞ ቦታ የሚባል ጣጣ አለ 😂 እኛ ጋ አንዷ ፎጣዋን መሬት ላይ ታነጥፍና ሻወር ቤት ሄዳ ትቆያለች፣ እዛ ጋ ከቆምሽ "ይቅርታ ቆንጆ ሰው አለበት" ትባያለሽ። አትቀየሚ፣ ፈገግ ብለሽ አንድ እርምጃ ፈቀቅ በይ፣ ወር ሳይሞላ ላንቺም ቦታ ይያዝልሻል።

ሰው ያየኛል ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ ሁሉም መስታወቱ ላይ የራሱን ቦርጭ ነው የሚያየው።

ብረት_ብቻ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ኤሮቢክስ ዝም ብሎ መዝለል ነው፣ ያልባል ደስ ይላል ከዛ ዓመቱን ሙሉ ሰርተሽ ያው ሰውነት። ጊዜሽን አታባክኚ፣ አሰልጣኝ ያዢና ስኩዋት (ቁጭ ብድግ) ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) ተማሪ፣ ከዛ በኋላ መዝለል ከፈለግሽ ዝለይ።

የሰኞ_ማታ፦
ወንድሜ እሷ እኮ ብቻዬን ማሽን ላይ ሰለቸኝ ነው ያለችው፣ አንተ ደሞ ሄደሽ ብቻሽን ብረት አንሺ ትላታለህ። መጀመሪያ የምትመጣበት ምክንያት ይኑራት እስቲ።

ኮች_ነኝ፦
እኔ ግሩፕ ክላስ ነው የማሰራው፣ ስለዚህ ወደዛ ባደላ አትፍረዱብኝ። ብረት_ብቻ ያለው ግማሹ ልክ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይልና ከሱ በተጨማሪ ጡንቻ የሚያጠናክር ስራ ቢያንስ ሁለት ቀን ይላል። ግን ብዙ የኛ ሀገር ኤሮቢክስ ክላስ እኮ ግማሹ ደምብልና ማት ላይ የሚሰራ ነው፣ ዝላይ ብቻ አይደለም።

ውስጡ ምን እንዳለ ካወቅሽ አያስፈራሽም። መጀመሪያ ማሟሟቂያ አለ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ይሄ እንዳያመልጥሽ፣ ዘግይተሽ ከደረስሽ ጥግ ይዘሽ ራስሽ አሟሙቂና ተቀላቀዪ። ከዛ ዋናው አለ፣ ከዛ መሬት ላይ የሆድና የመቀመጫ ስራ፣ መጨረሻ ላይ ማፍታታት። ሰው ማፍታታቱ ላይ ሹልክ ብሎ ሻወር ለመቅደም ይወጣል፣ አንቺ አትውጪ፣ ልብሽ ቀስ እያለ እንዲመለስ ነው እሱ ያለው። ዋናው ክፍል ላይ ሁሉም ነገር በ8 ቆጠራ ነው የሚሄደው፣ አራት 8 ሲሞላ ማለትም 32 ላይ ብዙ ጊዜ እርምጃ ይቀየራል፣ ሙዚቃውን ካዳመጥሽ መቀየሩ ሲመጣ ይታወቅሻል፣ ነባሮቹ ኮቹ ሳይናገር የሚዞሩት በዚህ ነው። ኮቹ ፊቱን ወደናንተ ካዞረ ደሞ እንደ መስታወት አድርገሽ ነው የምታዪው፣ እጁን ወደዘረጋበት አቅጣጫ ሂጂ፣ ቀኝ ነው ግራ ነው እያልሽ አታስቢ።

ስትጠፊ ምን ታደርጊያለሽ? አትቁሚ። ባለሽበት እግርሽን እያነሳሽ ተራመጂ፣ ቀጣዩ 8 ሲመጣ ግቢ። በተለይ ራስሽን ሲያዞርሽ ግድግዳ ይዘሽ ቀጥ አትበዪ፣ እየተራመድሽ ፍጥነትሽን ቀንሺ። መለኪያሽ ወሬ ነው፣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ሳያጥርሽ መናገር ከቻልሽ ጥሩ ላይ ነሽ፣ አንድ ቃል ብቻ ከሆነ የሚወጣልሽ ዝላዩን ተዪና በእርምጃ ስሪው። ለጉልበትሽም ያው ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ ዝላይ የሚባል ነገር ሁሉ በእርምጃ ይተካል፣ ስኩዋት ላይ ግማሽ ድረስ ብቻ ውረጂ፣ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ወደ እግር ጣቶችሽ አቅጣጫ ይሂድ። ታይቦን ለጊዜው ተዪው ባይ ነኝ፣ ጥሩ ነው ግን ጀማሪ ሲመታና ሲራገጥ ክርንና ጉልበቱን እስከ መጨረሻ ይወረውረዋል፣ መጋጠሚያ ላይ ጥሩ አይደለም።

ለመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሶስት፣ መሀሉ ላይ እረፍት ያለበት። ሰኞ ረቡዕ አርብ ያልሽው ልክክ ይላል። ከሁሉ በፊት ግን 10 ደቂቃ ቀድመሽ ሄደሽ ለኮቹ አዲስ ነኝ ጉልበቴ ይንቋቋል በይው። የማይሰማሽ ከሆነ ወይ "ምንም አይልሽም ዝለይ" ካለሽ ክላሱን ቀይሪ።

ነርሷ፦
ጉልበቱ ድምጽ ብቻ ካለውና ካላመመሽ ብዙ አያስጨንቅም፣ ካበጠ፣ ከቆለፈብሽ ወይ ስትቆሚ ከከዳሽ ግን ሐኪም ይየው። ግፊት ወይ ስኳር ያለበት፣ ደረቱን የሚወጋው፣ እርጉዝ የሆነች፣ ከመጀመሩ በፊት መመርመር አለበት።

ከሰራሽ በኋላ ሰውነትሽ ይዝላል፣ ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሚብሰው፣ ማለትም ሰኞ ሰርተሽ ማክሰኞ "ምንም አልሆንኩም" ብለሽ ረቡዕ ደረጃ መውረድ ሊያቅትሽ ይችላል፣ ያ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ያልሆነው፣ ህመሙ ከልክ ካለፈ፣ ጡንቻው ካበጠና ሽንት ጠቁሮ ቡና የመሰለ ከሆነ ነው፣ ያኔ ነገ እሻላለሁ አይባልም ቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ ጡንቻ ፈርሶ ኩላሊት ላይ ሲሄድ የሚመጣ ነገር ነው። የሚያጋጥመው ለጥቂቶች ነው ግን ብዙ ጊዜ ጀማሪ ሆነው በመጀመሪያው ቀን ከአቅም በላይ የሰሩ ሰዎች ላይ ነው፣ ስፒኒንግ (የማይሄድ ብስክሌት ክላስ) ላይም ታይቷል።

አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ሆዳችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ የምትሰሩ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። የሚወጣው ውሃ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጡ ይመለሳል፣ ሙቀቱ ግን ያዞራል። ከክላስ ወጥቶ ትንፋሽ ሳይመለስ ስቲም (እንፋሎት ክፍል) ውስጥ ዘሎ መግባትም እንደዛው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ኮቹ ያለውን 10 ደቂቃ ቀድመሽ ሂጂ የሚለውን በጣም ነው የምደግፈው። እዚህ አሜሪካ ክላስ በአፕ ነው የሚያዘው፣ ኢንስትራክተሯ ራሷ አዲስ ሰው ካለ እጅ አውጡ ትላለች፣ እዛ ግን ካልተናገርሽ ማንም አይጠይቅሽም። ከዚህ ለእረፍት ለምትሄዱ ደሞ፣ እኔ እዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ የምዘልለው ሰውዬ አዲስ አበባ ገብቼ በሳምንቱ ከእህቴ ጋር ክላስ ገባሁና ማሟሟቂያው ላይ ትንፋሼ ቁርጥ፣ እህቴ ስትስቅብኝ ነበር። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ እኮ ነው፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ቀለል አድርጋችሁ ያዙት።

የቦሌ_አጎት፦
ስለ ክፍያ ማንም አላነሳም። የሶስት ወር ከፍለሽ ከሆነ አለቀ፣ ለሚቀጥለው ግን በወር በወር ክፈዪ። እኔ ስሙን የማልጠራው ቦታ "የዓመት ከከፈልክ ቅናሽ አለ" ተብዬ ከፈልኩ፣ ኮቹ ወደ ሌላ ጂም ሄደ ክላሱም አብሮት ሄደ፣ ገንዘቤን ስጠይቅ ትሬድሚል አለ እኮ ተባልኩ 😤 ሰው የሚመጣው ለኮቹ ነው፣ ኮቹ ደሞ ሊሄድ ይችላል። ገና ያልተመዘገባችሁ ካላችሁ በ2011 የተጀመረው መንገድ ለሰው (መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሰው ስፖርት የሚሰራበት ቀን) ሲኖር ወጥታችሁ ከህዝብ ጋር ስሩ፣ በነጻ ነው፣ ማንም ማንንም አያይም፣ እንደሚመቻችሁ እዛ ታውቁታላችሁ።

እትዬ_ጠዋት፦
ልጄ እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጠዋት 12 ሰዓቱ ክላስ ውስጥ ነኝ፣ ክላሳችን ውስጥ የልጅ ልጅ ያላት ብዙ ነች። ስለ ጾሙ ላልሽው፣ ያንቺ ሰዓት እንዲያውም ከኔ ይሻላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትፈቺ ውሃሽን ቀስ እያልሽ ጠጪ፣ ከዛ ምስር ይሁን ሽሮ በልኩ ብዪ፣ እስከ 12፡30 ይረጋል። አስራ አንድ ተኩል ላይ አንድ ሙዝ ወይ ሁለት ሶስት ቴምር ጣል አድርጊ። ስህተቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስራ ይዞሽ ሳትበዪ ቀርተሽ 12 ሰዓት ላይ ሆድ ሙሉ በልተሽ መሄዱ ነው፣ እንጀራ ሆድ ውስጥ እያለ መዝለል አይታሰብም። እኔ ጠዋት ስለምሰራ በሁዳዴ ዝላዩን ትቼ በእርምጃ ብቻ ነው የምሰራው፣ ኮቻችን ያውቃል አይጮህብኝም። ከክላስ በኋላ ደሞ ባቄላ፣ ምስር፣ ተልባ፣ ሱፍ አትርሺ፣ በጾም ጎመንና እንጀራ ብቻ እየበሉ ስፖርት አቅም ያሳጣል።

ሐያት፦
በረመዳን እኔ ከተራዊህ በኋላ ነበር የምሄደው ግን እንቅልፍ አሳጣኝ፣ አሁን ከኢፍጣር በፊት ያለውን የመጨረሻ ሰዓት ቀላል እርምጃ ብቻ እሰራና ወዲያው አፈጥራለሁ፣ ለኔ ተስማምቶኛል። በነገራችን ላይ ሂጃብ ለምትለብሱ፣ የሴቶች ብቻ ሰዓት ያላቸው ጂሞች አሉ፣ ስትመዘገቡ ጠይቁ፣ ግን "የሴቶች ነው" ብለው አሰልጣኙ ወንድ የሚሆንበት ስላለ እሱንም አብራችሁ ጠይቁ።

የገርጂዋ፦
ወይኔ ይሄን ሁሉ ሰው ይመልሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ የሙዙን ነገር ያዝኩት። ሰኞ ልገባ ነው፣ ሁለተኛ ረድፍ ጠርዝ ላይ፣ ፎጣ የሌለበት ቦታ ካገኘሁ 😂 የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጫማ ልግዛ እንዴ? ያለኝ የሩጫ ስኒከር ነው፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ።

ኮች_ነኝ፦
ለጊዜው እሱ ይበቃሻል አትግዢ። የሩጫ ጫማ ወደ ፊት ለመሄድ ነው የተሰራው፣ ወደ ጎን ስትሄጂና ስትዞሪ ወፍራሙ ሶል ያዝ ያደርግሻል፣ ስለዚህ መዞሪያ ላይ እግርሽን ከመሬት አንስተሽ ዙሪ፣ ተረከዝሽ ላይ አትሽከርከሪ። ከተመቸሽና ከቀጠልሽ በኋላ ዝቅ ያለ ሰፋ ያለ ሶል ያለው የትሬኒንግ ጫማ ትፈልጊያለሽ። ክሩን ደሞ ወደ ውስጥ ክተቺው። በሱ ቢሮ የምትውዪ ከሆነም በር ላይ ሶሉን ጥረጊ፣ የክረምት ጭቃ ያ ወለል ላይ ሲነካ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው።

የሰኞ_ማታ፦
የኛ ጂም ከሆነ የምትገቢው ፎጣዋ ሰማያዊ ናት፣ ከሷ በስተቀኝ ያለው ባዶ ነው።