የሰው ንክሻ ጆሮ ላይ፦ ይሰፋል ወይስ ክፍት ይተዋል?

ጠያቂ (ጤና መኮንን)፦
ሰላም ባልደረቦች። በጠብ ጆሮው የተነከሰ ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ አንዳንዱ ባለሙያ «የሰው ንክሻ አይሰፋም» ብሎ በጓዝ ሸፍኖ ይሸኘዋል፣ አንዳንዱ ወዲያው ይሰፋዋል። ካርቲሌጁ (የጆሮው ልም አጥንት) ተራቁቶ ሲታይስ? ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ክሎክሳሲሊን ይበቃል?

መልስ 1፦
«አይሰፋም» የሚባለው በተለይ ለእጅ ነው። ፊትና ጆሮ ደም በብዛት ስለሚደርሳቸው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጣና መግል ያልያዘ ቁስል በደንብ ታጥቦ ይሰፋል።

ዋናው ሥራ አጠባው ነው፤ ብዙዎች የሚቸኩሉትም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ በጆሮው ዙሪያ ማደንዘዣው 1 በመቶ ሊዶካይን ያለ አድሬናሊን ይወጋል፣ መጠኑ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም አይለፍ። ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ የ18 ቁጥር ካኑላ ፕላስቲኩን ብቻ ሰክቶ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በግፊት መርጨት ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጤነኛውንም ሥጋ ስለሚጎዳ ቁስሉ ውስጥ አይግባ። የሚቆረጠው በግልጽ የሞተው ብቻ ነው።

ካርቲሌጅ የራሱ ደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ተራቁቶ አይደር። ቆዳው ሊሸፍነው ካልደረሰ የካርቲሌጁን ጠርዝ በጥቂት ሚሊሜትር ከርክሞ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ በ6-0 (በጣም ቀጭን) የናይለን ክር መስፋት። ክሩ በ5ኛው ቀን አካባቢ ይወጣል። ሰፊ ቆዳ ከጎደለ ግን አጥቦና በእርጥብ ጓዝ ሸፍኖ ወደ ቀዶ ሐኪም መላክ ይሻላል።

መልስ 2፦
ክሎክሳሲሊን አይበቃም! በሰው አፍ የሚኖረው ኤይኬኔላ የሚባለው ባክቴሪያ እሱንም ሴፋሌክሲንንም ክሊንዳማይሲንንም ይቋቋማል። ለአዋቂ አሞክሲሲሊን ክላቩላኔት 625 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። ፔኒሲሊን የማይስማማው አዋቂ ዶክሲሳይክሊን ከሜትሮኒዳዞል ጋር ይውሰድ፤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

የቲታኖስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ታሪኩ ይጠየቅ። የነካሹ አፍ ደም ከነበረው የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ለ28 ቀን። ደም አፉ የገባው ነካሽም መመርመር አለበት፤ እሱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

መልስ 3፦
ተቆርጦ የወደቀ ቁራጭ ካለ እንዳይጣል። በሳላይን በረጠበ ጓዝ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይታሰር፤ በረዶ ላይ የሚቀመጠው ፌስታሉ ነው። በረዶ በቀጥታ የነካው ሥጋ ይሞታል።

ከተሰፋ በኋላ የጆሮው ጎድጓዶች በቫዝሊን ጓዝ ተሞልተው፣ ጀርባውም ተደግፎ ይታሸግ፤ አለዚያ ደም ከቆዳው ሥር ይጠራቀምና ካርቲሌጁን ከምግቡ ይለየዋል። በ24 ሰዓት ተከፍቶ ይታይ። ሕመሙ እየባሰ፣ ጆሮው ቀልቶ ሲያብጥ ካርቲሌጅ የሌለው ጉትቻ ማንጠልጠያው ግን ደህና ከሆነ፣ ኢንፌክሽኑ ካርቲሌጁ ጋ ደርሷል። ብዙ ጊዜ መንስኤው ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ አሞክሲሲሊን ክላቩላኔቱ አይነካውም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ተጀምሮ በዚያው ቀን ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይላክ።