ለሁለት ልጆች ቀለብ ስንት ቢሆን ነው ልክ?

የደምበጫው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ሁለት ዓመት አለፈን። ሁለት ልጆች አሉን፣ ሴቷ 9 ወንዱ 5 ዓመታቸው ነው። ከእናታቸው ጋር ደብረ ማርቆስ ይኖራሉ፣ እኔ ደምበጫ አስተምራለሁ። ስንለያይ ሽማግሌዎች ተቀምጠው በወር 2,500 ብር እንድቆርጥ ተስማማን። አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። አሁን ግን 7,000 ካልሆነ አልችልም አለችኝ።

ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 11,000 ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ 2,500 እከፍላለሁ፣ ለእናቴ 1,000 እልካለሁ። ገጠር ከአባቴ የወረስኩት መሬት አለ፣ ለእኩል ሰጥቼዋለሁ፣ ከሱ የሚመጣው እህል ለራሴ ቀለብ ነው። እሷም እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች ታስረክባለች፣ ሥራ አላት። ልጆቼ እንዲጎድልባቸው አልፈልግም፣ ግን 7,000 ሰጥቼ በምን ልኑር? ባለፈው በስልክ ተጯጯህን። ልጄ ከእናቷ ጎን ሆና ትሰማ ኖሯል፣ "አባዬ እኔ ደብተር አለኝ፣ አትጣሉ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሰው እንዴት ነው በዚህ ጉዳይ የሚስማማው?

የቡሬ እናት፦

ወንድሜ፣ ሳታቋርጥ መላክህ ትልቅ ነገር ነው፣ ስንቱ በሁለተኛው ወር ስልኩን ይዘጋል። ግን 2,500ው የዛሬ ሁለት ዓመት 2,500 ነው። ዘይቱም ጤፉም ያኔ በነበረበት አልቆመም፣ ልጆቹም አድገዋል።

እኔ ከልጆቼ አባት ጋር እንዲሁ ስንጨቃጨቅ ከረምን። እሱ "ብሩን የት ታደርጊዋለሽ" ይላል፣ እኔ አለቅሳለሁ። በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁና ወር ሙሉ ለልጆቹ የወጣውን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ሳሙና፣ ቅባት፣ ወፍጮ፣ ከሰል፣ እስክርቢቶ፣ ሹሩባ፣ የሐኪም ቤት ካርድ፣ የትንሹ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ ለማሰፋት የከፈልኩትን ሳይቀር። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ሰጠሁት። አንድ ቃል አልተናገርኩም። እሱ ራሱ በስልኩ ደመረው፣ ሁለተኛም ጊዜ ደመረው። ከዚያ በኋላ "የት ታደርጊዋለሽ" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እናንተም ከ2,500 እና ከ7,000 አትጀምሩ። ከልጆቹ ወጪ ጀምሩ።

ሥራ አላት ላልከው ደግሞ፣ እንጀራ ጋጋሪ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ምጣድ ላይ ናት። ልጅ ሲያተኩሰው የምትነሳውም እሷው ናት። ያም ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ጠበቃ ነኝ (ማርቆስ)፦

ሕጉን ባጭሩ ልንገርህ። በክልላችን የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ከደመወዝ ይህን ያህል ፐርሰንት የሚል ነገር የለውም፣ ሰው ሁሉ ግማሽ ነው ሲሶ ነው የሚለው ወሬ ነው። የሚታየው ልጆቹ ምን ያስፈልጋቸዋል፣ ሰጪውስ ምን አቅም አለው የሚለው ነው። ቀለብ ሲባልም ምግብ ብቻ እንዳይመስልህ። መኖሪያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱ ሁሉ አለበት።

አቅም ደግሞ ደመወዝ ብቻ አይደለም። ያ ለእኩል የሰጠኸው መሬት ገቢ ነው። "ለራሴ ቀለብ" ብለህ አልፈኸዋል፣ ዳኛ ግን አያልፈውም። የእሷም ገቢ እንዲሁ ይታያል፣ ምክንያቱም ልጅ የማሳደግ ግዴታው የሁለታችሁም ነው። ኑሮ ሲወደድ፣ ደመወዝ ሲጨምር፣ ወይ ሰው ሥራ ሲያጣ ደግሞ መጠኑ ይሻሻልልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል። ስለዚህ ይጨመር ማለቷ ጠብ መፈለግ አይደለም።

ስትስማሙ በጽሑፍ አድርጉትና ፍርድ ቤት አጽድቁት። በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ነገ አንዳችሁ ብትክዱ ለአፈጻጸም የሚቀርበው የጸደቀው ወረቀት ነው። አንድ ነገር አደራ፣ ልጅ ማየትና ብር አታያይዙ። "ካልከፈልክ አታያቸውም"፣ "ካላሳየሽኝ አልከፍልም" የሚባለው ነገር ሁለቱም ልጆቹን ነው የሚጎዳው።

የብቸናው አባት፦

ልጄ፣ እኔ በሽምግልና ብዙ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ አልታረቅ ያሉትንም በሰላም አለያይቻለሁ። የእኛ የሽማግሌዎች ጥፋት አንድ ነው። ብር ብቻ እንቆርጣለን። ብር ደግሞ ይቀልጣል። ዛሬ ተስማምተን የቆረጥነው ገንዘብ በዓመቱ የግማሹን አይገዛም፣ እነሱም ተመልሰው ይጣላሉ። ጤፍ ግን ያው ጤፍ ነው፣ ኩንታሉ ኩንታል ነው። መሬት ካለህ ጥር ላይ እህሉ ተወቅቶ ሲገባ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጫንላቸው። ቀሪውን በብር አድርገው። የልጆቹ ሞሰብ ከሞላ የእናታቸውም ሆድ ይረጋል።

የሁለት ቤት ልጅ፦

አባባ፣ በአክብሮት ነው፣ እህል ጭቅጭቅም ያመጣል። የእኔ አባት እህል ይልክልን ነበር። አንድ ዓመት የመጣው በቆሎ ነቀዝ የፈጀው ሆነ። እናቴ ጆንያውን ፈታ እጇን ስታስገባ ዱቄት ብቻ ነው የወጣው። ያንን መልሳ ላከችው፣ እሱም ተናዶ ሁለት ወር ብር አቆመ። እኔና ወንድሜ በር ላይ ቆመን ጋሪው ጆንያውን ይዞ ሲመለስ ያየነው እስከዛሬ አይረሳኝም። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ደግሞ እህል ከገጠር እንዴት ይወጣል?

ስለዚህ ከሆነም ተለይቶ ይጻፍ። ምን ዓይነት ጤፍ፣ ስንት ኪሎ፣ በየትኛው ወር፣ ካልደረሰ በዕለቱ የማርቆስ ገበያ ዋጋ በብር ይተካል ተብሎ። ደግሞ ወንድሜ፣ እሷ እንጀራ ነጋዴ ናትና "የላክሁትን ጤፍ ሸጠሽው" የሚል ነገር ከወዲሁ ከአፍህ አይውጣ። ልጆቹ እንጀራ ከበሉ አለቀ። ሌላው፣ ልጅቷን "ለእናትሽ ንገሪያት" አትበላት። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ መልእክተኛ ነበርኩ። "ደብተር አለኝ" ያለችህ እኮ ደብተር ስላላት አይደለም።

የደምበጫው መምህር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ዘገየሁ፣ ኔትወርክም አልነበረም። ቅዳሜ ማርቆስ ሄጄ ነበር። የልጄ የክርስትና እናት ቤት ተቀመጥን፣ ልጆቹን ውጭ አስወጥተን። እሷ ወጪውን ለሆቴል በምታስረክብበት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፋው መጥታለች። ኪራይ ሲካፈል፣ ምግብ፣ ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ተደምሮ ለሁለቱ 9,400 ብር መጣ። ከመሀል አንድ መስመር ላይ "የሚነፋ" ይላል። ምንድን ነው አልኳት። ለካ ልጄ ክረምት ላይ አስም ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ታዞለታል። እኔ አላውቅም። ለምን አልነገርሽኝም ስላት "ስደውል ስለብር መስሎህ አታነሳም" አለች። ምን እላለሁ፣ እውነቷን ነው።

የተስማማነው እንዲህ ነው። በወር 4,000 ብር፣ ወር በገባ እስከ አምስተኛው ቀን። ጥር ላይ ሁለት ኩንታል ሠርገኛ ጤፍ፣ ይህ በወር ሲካፈል ወደ 2,000 ብር ይመጣል። ካልደረሰ በማርቆስ ገበያ ዋጋ ይተካል፣ የሁለት ቤት ልጅ ያልሽውን እንዳለ ነው ያስገባነው። መስከረም ላይ ዩኒፎርምና ደብተር በእኔ። መድኃኒት እኩል ለእኩል። በየዓመቱ መስከረም ተቀምጠን እንደገና እናየዋለን። የቀረውን እሷ ትሸፍናለች። እኔም ቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ማስተማር ጀምሬያለሁ። ማክሰኞ ወረቀቱን ፍርድ ቤት እናስገባለን።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል። ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ እኔ ጋ ይከርማሉ። የሁለቱ ወር 4,000 ይቀር አልኳት፣ እሷ አይሆንም አለች።

ጠበቃ ነኝ (ማርቆስ)፦

ደስ ይላል። ክረምቱን አሁኑኑ ከማክሰኞ በፊት ጻፉት፣ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ትጣላላችሁ። ሙሉውን ማስቀረት ግን ልክ አይመስለኝም። ልጆቹ አንተ ጋ ቢከርሙም የእሷ ኪራይ በክረምት አይቆምም፣ መስከረም ሲመለሱ የሚገቡት እዚያው ቤት ነው። ደረሰኙ ጀርባ ላይ የምግቡ ለብቻው ተጽፎ የለም? ከሱ የአንተን ድርሻ ብቻ ቀንሱና የኪራዩን ተውላት።

የደምበጫው መምህር፦

ተጽፏል። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።