ከኤምባሲ ለሚሰናበት ዲፕሎማት ምን ይሰጣል?

ጥያቄ
ማኅበራችን አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ያስተዳድራል። ለዓመታት ያገዙን የአሜሪካ ኤምባሲ ዲፕሎማት የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ሊሄዱ ነው። አባላት አዋጥተው የብር መስቀልና አንድ የቆየ የብራና መጽሐፍ ሊያበረክቱላቸው አስበዋል። ደብዳቤውስ እንዴት ይጻፍ?

መልስ 1
ሁለቱንም ተዉት። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ከእናንተ ዓይነት ሰጪ መቀበል የሚችለው በአንድ ጊዜ እስከ 20፣ በዓመት በድምሩ እስከ 50 ዶላር የሚያወጣ ነገር ነው። ጥሬ ገንዘብ ጭራሽ አይሆንም። የሚታየው የገበያ ዋጋው ነው፤ ማኅበሩም እንደ አንድ ሰጪ ስለሚቆጠር «ለሃምሳ ሰው ሲካፈል ትንሽ ነው» ማለት አያዋጣም። ዕቃው 35 ዶላር ቢያወጣ ትርፉን 15 ከፍለው መውሰድም አይፈቀድላቸውም። በእንግዳ ፊት እንዲመልሱት ማስገደድ ደግሞ ለሁላችሁም ሐፍረት ነው።

ለመታሰቢያ ተብሎ የተሠራ፣ ዋጋው ይህን ያህል ያልሆነ የምስክር ወረቀት ወይም ዋንጫ ግን ከስጦታ አይቆጠርም። ማዕድ ሳይቀርብ የሚጠጣ ቡና ከነቆሎውም እንደዚያው። ቡና አፍሉ፣ የምስክር ወረቀቱን ስጡ፣ በቃ።

መልስ 2
ብራናው ከዋጋውም በላይ ጣጣ አለው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። «የዲፕሎማት የግል ሻንጣ አይፈተሽም» የሚባለውም ሙሉ እውነት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 እንዳይወጣ የተከለከለ ነገር ይዟል የሚያሰኝ ከባድ ምክንያት ካለ፣ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ባለበት እንዲፈተሽ ይፈቅዳል። በመሸኛቸው ቀን ለእንዲህ ያለ ነገር አትዳርጓቸው።

መልስ 3
ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አርማ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ «ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ»፣ ፊርማና ማኅተም። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ የኢትዮጵያውን ብቻ ከጻፋችሁ ፋይል የሚያደርገው ሰው የስንት ዓመት አሮጌ ደብዳቤ ይመስለዋል። «ክቡር» ለአምባሳደር ነው፤ ለአታሼ ወይም ለአማካሪ ማዕረጉን ከስም ጋር መጻፍ ይበቃል። «ለሁለቱ አገሮች ግንኙነት ላደረጉት የላቀ አስተዋጽኦ» የሚለውን ለመግለጫ ተዉትና የሠሩትን ጥቀሱ፦ የትኛው ክፍል ተከፈተ፣ ስንት መጽሐፍ ገባ፣ ማን ይጠቀምበታል። ግልባጩን ለአምባሳደሩ አድርጉ፤ ለእሳቸው ከመስቀሉ ይልቅ አለቃቸው የሚያነበው ወረቀት ይጠቅማቸዋል። ዕቃቸው ቀድሞ ስለሚጫን በመስታወት የተለበጠ ትልቅ ፍሬም አታሠሩ፤ በፖስታ የሚገባ ይሁን።

ጠያቂ
ወረዳው በራሱ ስም ቢሰጥስ?

መልስ 1
ወረዳው ለአሜሪካ የውጭ መንግሥት አካል ነው፤ ከውጭ መንግሥት የሚመጣ ስጦታ ደግሞ በሌላ ሕግ ነው የሚታየው። ገደቡ እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 ድረስ 480 ዶላር ነበር፤ በየሦስት ዓመቱ ይከለሳል። የእናንተን መዋጮ በወረዳው ስም ማሳለፍ ግን የ20 ዶላሩን ገደብ መሸወድ ነው፤ አትሞክሩት።